ከኤቲኤም ገንዘብ ስናወጣ እንዴት እንጠንቀቅ?

በዚህ ጽሑፍ ጥሬ ገንዘብ ስናወጣ ማድረግ ስላለብን ጥንቃቄ አብረን እንማራለን። ርእሱን የመረጥኩት ጉዳዩ ቤታችን ስለገባ ነው።

ባለፈው ዲሴምበር አንድ ማታ የእናቴ ታናሽ እኅት ፕሊማውዝ ወዳለው ቤታችን መጣች። ቀኝ እጇን በሻርፕ ጠቅልላ ደረቷ ላይ ይዛዋለች። እማዬ ደንግጣ "ምን ሆንሽ?" ስትላት፣ "በረዶ አዳልጦኝ ነው፤ ታሽቶ ይድናል" አለች።

እኔ የነርሲንግ ተማሪ ነኝ። ሻርፑን ስፈታው የእጇ አንጓ አብጦ እንደ ሹካ ጀርባ ጎብጧል። ይህ ቅርጽ መማሪያ መጽሐፋችን ላይ አለ፤ ሰው ሲወድቅ እጁን ዘርግቶ መሬት ሲደገፍ የሚሰበረው አጥንት ነው። እብጠቱ ሳይብስ ቀለበቷን በሳሙና አወለቅኩላት። የጣቶቿን ቀለምና ሙቀት አየሁ፣ "ስነካሽ ይሰማሻል?" ብዬ ጠየቅኋት፣ ከዚያ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይዘናት ሄድን።

እውነቱን የነገረችን መኪና ውስጥ ነው። ከሥራ ወጥታ የዕቁብ 600 ዶላር ለማውጣት አንድ ነዳጅ ማደያ ትገባለች። ማሽኑ በአንድ ጊዜ ከ300 በላይ ስለማይሰጥ ሁለት ጊዜ አወጣች። ብሩን እየቆጠረች ስትወጣ አንድ ልጅ ቦርሳዋን ያዘ። አልለቅም አለች። ጎተታት፣ ወደቀች። ቦርሳውም ሄደ፣ እጇም ተሰበረ።

አክስቴ አረጋውያንን በየቤታቸው እየተንከባከበች ነው የምትኖረው። በአንድ እጅ ሰው ማንሳት ስለማይቻል ለ10 ሳምንት ከሥራ ቀረች። የጠፋው 600 ዶላር ከዚያ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው። ይባስ ብሎ ካርዷም ቦርሳው ውስጥ ነበር፤ ለባንኳ የነገረችው ግን ከአንድ ሳምንት በኋላ ነው። "በዚያ ሰዓት እዚያ ምን ትሠራለች ይሉኛል ብዬ አፈርኩ" አለችኝ።

ከዚህ የተማርኩት በአጭሩ ሁለት ነገር ነው። ጥንቃቄው የሚሠራው ማሽኑ ፊት ከመቆማችን በፊት ነው። የደረሰብን እንደሆነ ደግሞ ከብሩ ይልቅ ሰውነታችንን አድነን ቶሎ መናገር ነው። በዝርዝር እንየው።

ስለ "አደገኛ ሰፈር"

ሰፈሩን በስሙ አልጠራውም። እኛ ፕሊማውዝ ያደግን ልጆች "እዚያ እንዳትሄዱ" ማለት ይቀናናል። ነገር ግን ወላጆቻችን መጀመሪያ የተቀበሏቸው፣ እንጀራ የሚገዙበት፣ ወዳጅ የሚጠይቁበት ሰፈር ያው ነው። ብዙ ዘመዶቻችን ዛሬም እዚያው ይኖራሉ፤ ሲዘረፉም ቀድመው የሚዘረፉት እነርሱ ናቸው።

ደግሞ ሰው ለምን ነዳጅ ማደያ ሄዶ ብር ያወጣል ብለን እንጠይቅ። በሜይ 2020 ጆርጅ ፍሎይድ በሚኒያፖሊስ ፖሊስ እጅ ከተገደለ በኋላ በተነሣው ሁከት በሌክ ስትሪት አካባቢ ሱቆች፣ ፖስታ ቤትና የባንክ ቅርንጫፍ ጭምር ተቃጥለዋል። ባንክ በራቀበት ወይም በተዘጋበት ሰዓት የሚቀረው ማደያው ጥግ ያለው ማሽን ነው። ስለዚህ "አትሂዱ" ማለት ብቻውን ምክር አይሆንም። "እንዴት ብትሄዱ ይሻላል" የሚለውን ነው ማወቅ ያለብን።

ከመሄዳችን በፊት

አንደኛ፣ በእርግጥ ጥሬ ገንዘብ ያስፈልገናል? ዕቁብ በስልክ በዜል መክፈል ይቻላል። ዜል ላይ አንድ ነገር አስታውሱ፤ በራሳችሁ ፈቃድ የላካችሁትን ገንዘብ ማስመለስ በጣም ከባድ ስለሆነ፣ የሰብሳቢዋን ስልክ ቁጥር አንድ በአንድ አረጋግጡ።

ሁለተኛ፣ ሰዓቱ። በሚኒሶታ ዲሴምበር ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው ከሰዓት በኋላ 4፡30 ገደማ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር 10 ሰዓት ተኩል መሆኑ ነው። "ከሥራ ስወጣ አወጣለሁ" ማለት እንግዲህ በጨለማ አወጣለሁ ማለት ነው። በምሳ ሰዓት ወይም ቅዳሜ ጠዋት ይሁን።

ሦስተኛ፣ ቦታው። ከሁሉ የሚሻለው ባንኩ ክፍት ሳለ ውስጥ ያለው ማሽን ነው። ቀጥሎ ሱፐርማርኬት ነው። ዕቃ ገዝታችሁ በዴቢት ካርድ ስትከፍሉ ካሽ ባክ ብላችሁ ትንሽ ብር መቀበል ትችላላችሁ፤ ብዙ ጊዜ ክፍያም የለውም፣ ብር እንደወሰዳችሁም ከውጭ ሆኖ የሚያይ የለም። ውጭ ያለ ማሽን ግዴታ ከሆነ ብርሃን ያለበትን፣ ከመንገድ የሚታየውን ምረጡ።

አራተኛ፣ መጠኑ። በቀን ማውጣት የሚቻለውን ጣሪያ ባንኩ ዝቅ እንዲያደርገው መጠየቅ ይቻላል። የወር ወጪያችሁ የሚገባበትን ሂሳብ ካርድ ይዛችሁ ከመዞር ይልቅ፣ ትንሽ ገንዘብ ብቻ ያለበት ሌላ ሂሳብ ከፍታችሁ የእርሱን ካርድ ያዙ።

የዕቁብ ዕጣ የወጣላቸው ዘመዶች ካሏችሁ ይህን ንገሯቸው። ባንኩ የግል ክፍል ውስጥ ቆጥሮ እንዲሰጣቸው ወይም በካሺየር ቼክ እንዲያደርግላቸው መጠየቅ ይችላሉ። አንዳንዶች ከ10,000 ዶላር በላይ ሲወጣ ባንኩ ለመንግሥት ሪፖርት እንደሚያደርግ ሰምተው ብሩን በየቀኑ ከፋፍለው ያወጣሉ። ሪፖርቱ ከ1970ው የባንክ ሕግ የመጣ የተለመደ ወረቀት ነው፤ በሕጋዊ ገንዘብ የሚያስጠይቅ ነገር የለበትም። ሪፖርቱን ለመሸሽ ብሎ መከፋፈሉ ነው ራሱ ወንጀል የሚሆነው። በዚያ ላይ 10 ጊዜ ብር ይዞ መንገድ ላይ መውጣት 10 ጊዜ ለአደጋ መጋለጥ ነው።

ማሽኑ ፊት

በብርድ ጊዜ የምናደርጋቸው ሦስት ስሕተቶች አሉ። የጃኬታችን ኮፍያ ግራና ቀኝ እንዳናይ ይከልለናል፤ ለአንድ ደቂቃ አውልቁት። ጓንት አውልቀን ካርድና ቦርሳ ስንፈልግ ብዙ እንቆያለን፤ ካርዱን ከመኪና ሳትወርዱ በእጃችሁ ያዙት። መኪናው እንዳይቀዘቅዝ ሞተሩን ሳናጠፋ እንወርዳለን፤ ይህ ሌባ መኪናችንን እንዲወስድ መጋበዝ ነው።

ከመቆማችሁ በፊት ዙሪያውን እዩ። ያለ ጉዳይ የሚቆም ሰው ካለ እለፉት፤ ሌላ ማሽን አይጠፋም። ይሉኝታ እዚህ ላይ አያስፈልግም። "ሰውየውን ጠረጠርኩት ይለኛል" ብላችሁ አትቁሙ።

የካርድ ማስገቢያውን ነካ ነካ አድርጉት። ሌቦች ስኪመር የሚባል መሣሪያ ከላዩ ይለጥፋሉ፤ የካርዱን መግነጢሳዊ መስመር ያነብባል፣ ፒናችሁን ደግሞ ትንሽ ካሜራ ይቀርጸዋል። የሚነቃነቅ ነገር ካለ ተዉት። ካርዱን ሳያስገቡ ነካ በማድረግ ብቻ የሚሠራ ማሽን ካለ እርሱን ምረጡ፤ ፒን ስትመቱ ሁልጊዜ በሌላው እጃችሁ ሸፍኑ። ብሩን እዚያ ቆማችሁ አትቁጠሩ። ኪስ ውስጥ ከትታችሁ፣ መኪና ውስጥ ገብታችሁ በሩን ቆልፉና ራቅ ብላችሁ ቁጠሩት።

እናቶቻችን ብራቸውን መቀነታቸው ላይ የሚቋጥሩት ያለ ምክንያት አይደለም። ብርና ካርድ፣ ስልክና ቁልፍ አንድ ቦርሳ ውስጥ ካሉ አንድ መንተፍ ሁሉንም ይወስዳል። ለያዩት።

ሰው ከመጣብን

ስጡ። ሌላ መልስ የለውም። "ውሰድ" በሉ፣ እጃችሁ እንዲታይ አድርጉ፣ ድንገት አትንቀሳቀሱ፣ አትከተሉ። ሰው ሲደነግጥ ልብ በኃይል ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይን አንድ ነገር ላይ ብቻ ይተከላል፣ ማሰብ ይከብዳል። አክስቴ ቦርሳውን ልያዝ ብላ አስባ አልነበረም፤ እጇ ራሱ ጨበጠ። ስለዚህ ውሳኔውን አስቀድመን፣ ቤት ቁጭ ብለን መወሰን አለብን። እማዬን ምግብ ስትሠራ "ቦርሳሽን ስጪ ቢሉሽስ?" እላታለሁ፤ "እሰጣለሁ" ትለኛለች። እየሳቅን ነው የምናደርገው፤ ግን ልምምድ ነው።

በቤተሰብ የቴሌግራም ግሩፕ የሚዞር አንድ ወሬ አለ፦ "ሌባ ካስገደዳችሁ ፒናችሁን ከኋላ ወደ ፊት ብትመቱ ፖሊስ ይመጣል" የሚል። ውሸት ነው። የአሜሪካ ኮንግረስ በ2009 ባወጣው የክሬዲት ካርድ ሕግ ይህ ዓይነት ቴክኖሎጂ እንዲጠና አዝዞ ነበር፤ በ2010 የወጣው የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ሪፖርት በየትኛውም ኤቲኤም ላይ ሥራ ላይ እንዳልዋለ ገልጿል። ነገሩም ግልጽ ነው፤ ፒኑ 2112 የሆነ ሰው ከኋላ ቢመታው ያው 2112 ነው። ይህን አምኖ ሌባ ፊት ቁጥር የሚያገላብጥ ዘመድ እንዳይኖረን መልእክቱ ሲመጣ አርሙት።

ከዚያ በኋላ

መጀመሪያ ሰውነት። ጭንቅላቱን የተመታ፣ ራሱን የሳተ፣ የሚያስታውክ፣ ወይም የደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚወስድ ሰው "ደህና ነኝ" ቢልም ድንገተኛ ክፍል ይሂድ። ድንገተኛ ክፍል ያለው ሆስፒታል በ1986 በወጣው ሕግ መሠረት ኢንሹራንስ የሌለውንም ሰው መመርመር አለበት። አስተርጓሚም በነፃ መጠየቅ ይቻላል። 911 ስትደውሉም እንግሊዝኛ ለሚቸግረው ሰው "አምሃሪክ" የምትለው አንዲት ቃል ትበቃለች፤ አስተርጓሚ በስልክ ያገናኛሉ። ይህችን ቃል ለወላጆቻችሁ አስተምሯቸው።

ቀጥሎ ባንክ፣ በዚያው ሌሊት። ሬጉሌሽን ኢ የሚባለው የፌዴራል ደንብ እንዲህ ይላል፦ ዴቢት ካርዳችሁ መጥፋቱን ባወቃችሁ በ2 የሥራ ቀናት ውስጥ ካሳወቃችሁ ኪሳራችሁ ከ50 ዶላር አይበልጥም። ከዘገያችሁ እስከ 500 ዶላር ሊደርስ ይችላል። የሂሳብ መግለጫ ከተላከላችሁ በኋላ 60 ቀን ካለፈ ግን ከዚያ ወዲህ የሚወሰደው ሁሉ ሊቀርባችሁ ይችላል። የአክስቴ ካርድ ላይ ሁለቱ ቀናት ካለፉ በኋላ 380 ዶላር ተገዝቶበት ነበር፤ አልተመለሰላትም። ኀፍረቷ ያስከፈላት ይህን ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላም ነገር አለ። አንድ ሰው አስገድዷችሁ ከኤቲኤም ብር ብታወጡ፣ በዚሁ ደንብ ያለ ፈቃድ የተወሰደ ገንዘብ ተብሎ ይቆጠራል፤ ባንኩን መጠየቅ ትችላላችሁ። በፈቃዳችሁ አውጥታችሁ ስትወጡ የተነጠቃችሁትን ጥሬ ገንዘብ ግን ደንቡ አይሸፍንም። ትንሽ ብቻ አውጡ ያልኩት ለዚህ ነው።

ከዚያ ፖሊስ። የሚኒሶታ የወንጀል ተጎጂዎች ካሳ ፕሮግራም ጉዳት ለደረሰበት ሰው የሕክምና፣ የምክር አገልግሎትና ከሥራ የቀረበትን ገቢ ሊከፍል ይችላል፤ የተሰረቀ ጥሬ ገንዘብ ግን አይተካም። ለዚያ ጉዳዩ ለፖሊስ መነገር አለበት። ሳምንታት አልፈው እንቅልፍ እምቢ ካለ፣ ያ ቦታ በሕልም እየመጣ ካስቸገረ እርሱም ጉዳት ነው፤ 988 በማንኛውም ሰዓት ይደወላል።

ለእኛ ለወጣቶቹ

ስለ እናቶቻችን ብቻ የተናገርኩ አይምሰላችሁ። የእኛ ኤቲኤም ስልካችን ነው። በ2022 ሚኒያፖሊስ ውስጥ 12 ሰዎች በአንድ የስልክ ዘረፋ ቡድን አባልነት ተከስሰዋል። ከከተማው መሐል መጠጥ ቤቶች የሚወጡ ወጣቶችን ቀርበው፣ አንዳንዴም "ስልክህን ስጠኝ፣ ኢንስታግራሜን ላስገባልህ" ብለው፣ የተከፈተ ስልክ ተቀብለው በገንዘብ መላኪያ አፖች ብሩን ወደ ራሳቸው ያሻግሩ ነበር። አፕል በጃንዋሪ 2024 ከአይኦኤስ 17.3 ጋር የተሰረቀ ስልክ መከላከያ ጨምሯል፤ አይፎን ያላችሁ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ አብሩት። የባንክ አፑ የራሱ መቆለፊያ ይኑረው። የተከፈተ ስልክ ለማታውቁት ሰው በእጁ አትስጡ።

አክስቴ አሁን ወደ ሥራ ተመልሳለች። አንጓዋ ውስጥ ብረት አለ፤ በብርድ ቀን ያማታል። ዕቁባቸው በዜል መክፈል ጀምሯል፤ ጥሬ ገንዘብ የሚመርጡት ሁለት እናቶች ብቻ ቅዳሜ ጠዋት አብረው ባንክ ይሄዳሉ። ሐሳቡን ያመጣችው እርሷ ናት፤ የሆነውን ሁሉ በሴቶቹ ፊት ተናግራ። ከተናገረች በኋላ ሌሎች ሁለት ሴቶች "እኔም ደርሶብኛል" አሉ። ለካ ሁሉም "በረዶ አዳልጦኝ ነው" እያሉ ኖረዋል።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት መጨረሻ ከወላጆቻችሁ ጋር ቡና ላይ ቁጭ በሉና ሦስት ነገር አድርጉ። የባንካቸውን የስልክ ቁጥር ካርዱ ጀርባ ላይ ብቻ ሳይሆን ወረቀት ላይም ጻፉላቸው። የቀን ጣሪያቸውን አብራችሁ ዝቅ አድርጉ። "ቦርሳሽን ስጪ ቢሉሽስ?" ብላችሁም ጠይቁ። መልሱ አንድ ቃል ብቻ እስኪሆን ድረስ ደጋግማችሁ ጠይቁ።

በሰላም ያቆየን።