በድምፅ በልጦ መሸነፍ፦ የአሜሪካው ኤሌክቶራል ኮሌጅ ይቅር ወይስ ይኑር?



በ2016 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሂላሪ ክሊንተን ከዶናልድ ትራምፕ በ2.9 ሚሊዮን ገደማ የሚበልጥ ድምፅ አግኝተው ተሸነፉ። በ2000 አል ጎርም ጆርጅ ቡሽን በግማሽ ሚሊዮን ያህል በልጠው ተሸንፈዋል። ማጭበርበር ይመስላል፤ ግን ሕጉ ራሱ የፈቀደው ነው።

አሜሪካውያን ፕሬዚዳንታቸውን በቀጥታ አይመርጡም። የሚመርጡላቸው 538 ወካይ መራጮች ናቸው፤ 270 ያገኘ ያሸንፋል። እያንዳንዱ ግዛት በተወካዮች ምክር ቤትና በሴኔት ያለውን መቀመጫ ያህል ወካይ አለው፤ ዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ 3። ከሜይንና ከነብራስካ በስተቀር በግዛቱ በአንድ ድምፅም ቢሆን የበለጠው ወካዮቹን ጠቅልሎ ይወስዳል። የኤሌክትሪካል ተማሪዎች በቀላሉ ይገባችኋል፦ አናሎግ ሲግናል ወደ ዲጂታል ሲቀየር 3 ቮልቱም 5 ቮልቱም «1» ተብሎ እንደሚነበበው ነው። ትርፉ ይጠፋል።

«ይቅር» የሚሉት ከዚሁ ይነሳሉ። ዋዮሚንግ ከ600 ሺህ ባነሰ ሕዝብ 3 ወካይ አላት፤ ካሊፎርኒያ ከ39 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ይዛ 54። ቢካፈል የዋዮሚንግ ነዋሪ ድምፅ ወደ አራት እጥፍ ይከብዳል። ተወዳዳሪዎችም ጊዜና ገንዘባቸውን የሚያፈሱት በጥቂት ወላዋይ ግዛቶች ነው። በሜሪላንድ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ፤ ግዛቷ ለማን እንደምትሰጥ አስቀድሞ ስለሚታወቅ ግን ደጃቸውን የሚያንኳኳ ተወዳዳሪ እምብዛም የለም።

«ይኑር» የሚሉት ትናንሽ ግዛቶች እንዳይረሱ ይሰጋሉ። ጠንካራው መከራከሪያቸው ግን የቆጠራው ይመስለናል። በ2000 ፍሎሪዳ በ537 ድምፅ ልዩነት ስትወሰን ንትርኩ እዚያው ተወስኖ ቀረ፤ እንደ ፊውዝ ማለት ነው። በቀጥታ ምርጫ ውጤቱ እጅግ ቢቀራረብ በሃምሳውም ግዛት ሳጥን መፈተሽ ሊመጣ ነው። (እርግጥ ያኔ በቀጥታ ቢመረጥ ኖሮ የጎር ብልጫ ያን ያህል አያነታርክም ነበር።)

እኛን ቆም አድርጎ ያሳሰበን ሚሺጋን ነው። በዲርቦርንና በአካባቢው ብዙ ሙስሊሞችና ዐረቦች ይኖራሉ። ግዛቷ በ2016 የተወሰነችው ከ11 ሺህ ባነሰ ልዩነት ነበር። በየካቲት 2024 በዴሞክራቶች ቅድመ ምርጫ ከ100 ሺህ በላይ መራጮች በጋዛ ጉዳይ የባይደንን አቋም በመቃወም «ለማንም አልወሰንኩም» የሚለውን ሲመርጡ አገሩ ሁሉ ያዳመጣቸው ሚሺጋን ወላዋይ ስለሆነች ጭምር ነው። የኒው ዮርክ ሙስሊም ያን ያህል ጆሮ አያገኝም። ኮሌጁ ቢቀር የዲርቦርን ወንድሞቻችን ይህ ልዩ ክብደት ይቀርባቸዋል። ያም ሆኖ «ይቅር» ወደሚሉት እናደላለን፤ በዛሬው የሚሺጋን ዕድል ብቻ ሕጉን ፍትሐዊ ማለት ይከብደናልና፤ ግዛት ነገ ወላዋይነቷን ልታጣ ትችላለች።

መሰረዙ ግን ቀላል አይደለም። የሕገ መንግሥት ማሻሻያ የሁለቱን ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛና የ38 ግዛቶችን ይሁንታ ይጠይቃል። በ1969 የተወካዮች ምክር ቤት በ338 ለ70 ቢያጸድቀውም ሴኔት ውስጥ ታንቆ ቀረ። ዛሬ አንዳንድ ግዛቶች በአቋራጭ እየሞከሩት ነው፦ ወካዮቻቸውን በአገር አቀፍ ድምፅ ላሸነፈው ለመስጠት ተስማምተዋል። ስምምነቱ የሚጸናው የፈራሚዎቹ ወካዮች ድምር 270 ሲደርስ ነው፤ እስካሁን አልሞላም።