የነጋዴ ሹክርና ከንግድ በኋላ የሚቀረው ሥራ

እጅግ በጣም ርኅሩኅ፣ በጣም አዛኝ በኾነው በአላህ ስም።

ምስጋና ሲሳይን በጥበቡ ለሚያከፋፍለው፣ ጥቂቱን ለሚያበዛው፣ በልብ የተሰወረውንም ለሚያውቀው ለአላህ ይኹን። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፣ በቤተ ሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ። ከዚህ በኋላ፤

የተከበራችሁ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ! ነጋዴ ሱቁን ሲከፍትና ሲዘጋ «አልሐምዱ ሊላህ» ማለትን ያዘወትራል፤ ይህም መልካም ልማድ ነው። ይኹን እንጂ ምስጋናው ከምላስ ዐልፎ ወደ ሚዛኑ፣ ወደ ሒሳብ መዝገቡና ወደ ገንዘብ ሣጥኑ ካልደረሰ የጎደለ ምስጋና ነው። ዑለማዎች ሹክርን በሦስት ይከፍሉታል። ልብ ጸጋው ከአላህ መኾኑን ያምናል፤ ምላስ ሰጪውን ያመሰግናል፤ እጅና እግርም ጸጋውን ሰጪው በሚወድደው ሥራ ላይ ያውሉታል። በሱረቱ ሰበእ የነቢዩ ዳውድ ቤተ ሰቦች አመስጋኞች ኾነው እንዲሠሩ መታዘዛቸው፣ ሹክር ቃል ብቻ ሳይኾን ሥራም መኾኑን ያስረዳናል።

እንግዲህ የምንመረምረው ጥያቄ ይህ ነው። አላህ በትንሽ ሱቅ ሲሳይ የሰጠው ሰው ምስጋናውን በምን ሥራ ይገልጸዋል? ሱቁ በተዘጋ፣ ባለቤቱም ወደ ጌታው በሄደ ጊዜ ከድካሙ ሁሉ ምን ይቀርለታል?

ለዚህ መልካም ምሳሌ የሚኾኑን ሰሓባው ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ ናቸው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ622 ዓ.ም. ሙስሊሞች ከመካ ወደ መዲና በተሰደዱ ጊዜ፣ ዐብዱረሕማን ንብረታቸውን ትተው ባዶ እጃቸውን ደረሱ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) በስደተኞቹና በመዲና ሰዎች መካከል ወንድማማችነትን ሲመሠርቱ ከሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ ጋር አወንድሟቸው። ሰዕድ ሀብታቸውን እኩል ለመካፈል ፈቀዱ። ዐብዱረሕማን ግን በሀብታቸውና በቤተ ሰባቸው በረካን ከለመኑላቸው በኋላ፣ የገበያውን መንገድ ብቻ እንዲያመለክቷቸው ጠየቁ። ቡኻሪ እንደ ዘገቡት፣ በመጀመሪያው ቀን አትርፈው ወደ ቤት ያመጡት ጥቂት የደረቀ አይብና ቅቤ ነበረ። ብዙም ሳይቆዩ ሚስት አገቡ፤ ነቢዩም በአንድ በግ እንኳ ቢኾን የሰርግ ግብዣ እንዲያደርጉ አዘዟቸው።

ልብ እንበል! መነሻ ገንዘብ ማነሱ አላሳፈራቸውም፤ የወንድም ቸርነትም ሥራን አላስተዋቸውም። ትርፉም ገና ጥቂት ሳለ ለሌሎች ማካፈል ተጀመረ። «ሀብቴ ሲበዛ እሰጣለሁ» የሚል ሰው ይህን ይመልከት። በቅቤ ጊዜ መስጠት ያልለመደ እጅ፣ በወርቅ ጊዜ ይበልጥ ይጨብጣልና።

የሹክር የመጀመሪያው ስፍራ ልብ ነው። የቃሩን ጥፋት ሀብት ማግኘቱ አልነበረም፤ ያገኘሁት በዕውቀቴ ነው ማለቱ እንጂ። በአንድ ጎዳና ላይ ሁለት ሰዎች አንድ ዐይነት ዕቃ ይዘው ይቀመጣሉ፤ አንዱ ጋ ገዢ ይጎርፋል፤ ሁለተኛው ዝንብ ሲከለክል ይውላል። ትጋትና ብልኀት ተገቢ ናቸው፤ ነገር ግን የገዢውን እግር የሚመራው ባለ ሱቁ አይደለም።

ሁለተኛው ስፍራ ሚዛን ነው። የመድየን ሕዝብ ነቢዩ ሹዐይብ ስፍርና ሚዛን እንዳያጎድሉ ሲመክሯቸው ባለመስማታቸው ጠፉ። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ወደ ተከመረ እህል እጃቸውን ቢያስገቡ ውስጡ ርጥብ ኾኖ አገኙት። ሻጩም ዝናብ እንደ ነካው ተናገረ። እርሳቸውም ሰው እንዲያየው ርጥቡን ከላይ ለምን እንዳላደረገው ጠየቁት፤ አታላይ ሰው ከእርሳቸው ወገን አለመኾኑንም አስታወቁ። በኩፋ ጨርቅ ይነግዱ የነበሩት ኢማም አቡ ሐኒፋም፣ ሸሪካቸው ነውር ያለበትን ልብስ ነውሩን ሳይገልጽ በሸጠ ጊዜ፣ ገዢው ማን እንደ ነበረ ስላልታወቀ ዋጋውን በሙሉ ሰደቃ እንዳደረጉት ይተረካል። ለሚያውቁት ደንበኛ ምርቃት እየጨመሩ ከማያውቁት መንገደኛ ስፍር ማጉደል፣ ሰውን ማፈር እንጂ አላህን መፍራት አይደለም።

ሦስተኛው ስፍራ የሒሳብ መዝገብ ነው። ነጋዴ በጨረቃ ዓመት አንድ የታወቀ ቀን ይወስን። በዚያም ቀን ለሽያጭ ያለውን ዕቃ በዕለቱ ዋጋ ይገምት፤ ጥሬ ገንዘቡንና ይከፈለኛል ብሎ የሚተማመንበትን ዱቤ ይጨምርበት። መደርደሪያው፣ ሚዛኑና የሱቁ ቤት ለሽያጭ ያልቀረቡ ስለ ኾኑ አይቆጠሩም። ድምሩ ኒሷብ፣ ማለትም በወርቅ ሲሰላ የ85 ግራም ያህል ዋጋ ከደረሰና ዓመት ከሞላው፣ ከ40 አንድ እጅ፣ ከየ1,000 ብሩ 25 ብር ዘካ ይወጣል። በራሱ ላይ ያለውን ዕዳ ስለ መቀነስ መዝሀቦች ስለሚለያዩ የአካባቢውን ዓሊም ይጠይቅ። ብዙ ሰው ዘካ ከትርፍ ላይ ብቻ የሚወጣ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ለሽያጭ በተቀመጠው ዕቃም ላይ ድኻው ድርሻ አለው። ኒሷብ ያልደረሰ ሰው ዘካ ባይኖርበትም ሹክር አይቀርለትም።

ገበያ ሲቀዘቅዝ ደግሞ የሹክር ፈተና ይመጣል። የሱቅ ኪራይ ይደርሳል፤ የልጆች ወጪ አይቆምም፤ ዱቤ የወሰደውም ሰው መንገድ ቀይሮ ያልፋል። በዚህ ጊዜ ሸይጣን ሦስት በሮችን ያሳያል፤ የሐሰት መሐላ፣ የተቀላቀለ ዕቃ፣ የወለድ ብድር። በሱረቱል ፈጅር አላህ ሰውን ይወቅሳል፤ ሲሳይ ሲሰፋለት ጌታዬ አከበረኝ፣ ሲጠብበት ግን አዋረደኝ ይላልና። የትርፍ መብዛት የውዴታ ምልክት፣ የትርፍ መቀነስም የጥላቻ ምልክት አይደለም፤ ሁለቱም መፈተኛ ናቸው። ኪሳራ በደረሰ ጊዜ ወጪን መቀነስ፣ እውነቱን ለቤተ ሰብ መግለጥ፣ ለባለ ዕዳዎችም ተደብቆ ሳይኾን ቀርቦ ቀን መለመን ይገባል። የተቸገረ ተበዳሪ ያለበትም ሰው ቁርኣን እንዳዘዘው እስኪያገኝ ድረስ ይታገሠው።

አላህ ለዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ ሀብታቸውን አበዛላቸው። አንድ ቀን ጾመው ሳሉ ማፍጠሪያ ምግብ ቀረበላቸው። ያን ጊዜ በኡሑድ ጦርነት በ625 ዓ.ም. የተገደሉትን ሙስዐብ ኢብኑ ዑመይርን አስታወሱ፤ ለመከፈኛቸው የተገኘው አንድ ልብስ ራሳቸው ሲሸፈን እግራቸውን፣ እግራቸው ሲሸፈን ራሳቸውን የሚያስቀር ነበረ። ዐብዱረሕማን የመልካም ሥራችን ዋጋ በዱንያ አስቀድሞ ተከፍሎን ይኾንን ብለው ፈሩ፤ አለቀሱ፤ ምግቡንም ተዉት። የሞላ ማዕድ ያላዘናጋው ልብ እንዲህ ነው። ሀብት በረከት መኾኑ የሚታወቀው ሰውን አኼራን ሲያስታውሰው ነው።

ታዲያ ከንግድ የሚቀረው ምንድን ነው? በሙስሊም ዘገባ እንደ ተነገረው፣ ሰው ሲሞት ከሦስት ነገሮች በቀር ሥራው ይቋረጣል፤ እነርሱም ዘላቂ ሰደቃ፣ ጥቅም የሚሰጥ ዕውቀትና ለወላጁ ዱዓ የሚያደርግ ደግ ልጅ ናቸው። ሦስቱም ከትንሽ ሱቅ ሊወጡ ይችላሉ። ዑስማን ኢብኑ ዐፋን በመዲና የሩማን ጉድጓድ ገዝተው ሙስሊሞች በነጻ እንዲቀዱ ሰጡ፤ ባለ ትንሽ ሱቅም ከጎረቤቶቹ ጋር አዋጥቶ የውሃ ጉድጓድ ወይም የመድረሳ ክፍል ሊያሠራ ይችላል። ታማኝ ሚዛንንና የሒሳብ አያያዝን ለአንድ ወላጅ አልባ ልጅ ቢያስተምር፣ ያ ልጅ በሚኖርበት ሱቅ ሁሉ ዕውቀቱ ይሠራለታል። ልጆቹንም በሐላል ካሳደገ፣ ለሚስቱ የሚያጎርሳት ጉርሻ እንኳ ለአላህ ብሎ ሲኾን አጅር እንዳለው ነቢዩ አስተምረዋል። እናታችን ኸዲጃም ነጋዴ ነበሩ፤ ዕቃ ጭነው ወደ ሻም የሄዱት ግመሎች ዛሬ የሉም፤ በሀብታቸው ነቢዩን መርዳታቸው ግን እስከ ዛሬ ይወሳል።

ስለዚህ ወንድሜና እኅቴ ሆይ! ማታ ሱቅ ሲዘጋ ገንዘቡ ከመቆጠሩ በፊት ነፍሳችን ትጠየቅ። ዛሬ የሸጥኩትን ነውሩን ገልጬ ሸጥኩን? አዛን ሲሰማ እጄ ከሚዛኑ ተነሣን? ከዛሬው ትርፍ ለነገው ዓለም የተላከ አለን? መልሱ ደስ ካሰኘን እናመስግን፤ ካሳዘነን ሰላቱን እንቀዳ፣ የጎደለውንም ስፍር ነገ ጧት ለባለቤቱ እንመልስ።

አላህ ሲሳያችንን ሐላል፣ ሚዛናችንን ቅን፣ ልባችንን አመስጋኝ ያድርግልን። ከእኛም በኋላ የማይቋረጥ መልካም ሥራ ያስቀርልን። አሚን።