የተቋራጭ የሥራ ግንኙነት በግብር ምርመራ፦ የብሪታንያ ልምድ

በብሪታንያ «አይ.አር.35» በመባል የሚታወቀው ሕግ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ይሠራበታል። ዓላማው በራሳቸው ኩባንያ አማካይነት አገልግሎት የሚሰጡ፣ በተግባር ግን ከተቀጣሪ የማይለዩ ባለሙያዎችን የተቀጣሪን ያህል ግብር ማስከፈል ነው። ይህ ጽሑፍ በምርመራ ወቅት ውጤቱን የሚወስነው የውሉ ቃል ብቻ ሳይሆን የሥራው እውነታም ጭምር መሆኑን ያሳያል።

የመለያ መስፈርቶቹ መሠረት እ.ኤ.አ. በ1968 የታተመው የ«ሬዲ ሚክስድ ኮንክሪት» ፍርድ ነው። ሥራን በግል የማከናወን ግዴታ፣ የአሠሪ ቁጥጥር፣ የቀሩት የውል ሁኔታዎች ከቅጥር ጋር መጣጣማቸው በአንድነት ይመዘናሉ። ተቋራጩ ምትክ ሰው መላክ እንደሚችል በውሉ ቢሰፍርም፣ ደንበኛው ምትኩን እንደማይቀበል ለመርማሪው ከገለጸ የአንቀጹ ክብደት ይቀንሳል።

ከ2017 በመንግሥት ተቋማት፣ ከ2021 ደግሞ በመካከለኛና በትልልቅ የግል ድርጅቶች ዘንድ ግንኙነቱን የመበየን ኃላፊነት ወደ ደንበኛው ተዛውሯል። ደንበኛው አነስተኛ ድርጅት ሲሆን ግን ኃላፊነቱ በተቋራጩ ኩባንያ ላይ ይቀራል፤ የግብር ውሳኔው ስሕተት መሆኑን በይግባኝ የማስረዳት ሸክምም የኩባንያው ነው።

ስለዚህ የመርማሪው ደብዳቤ የደረሰው ተቋራጭ ከመመለሱ በፊት ውሉን፣ የሥራ ትእዛዞችንና የተጻጻፋቸውን መልእክቶች አሰባስቦ ማነጻጸር ይገባዋል። ያለ ዝግጅት በቃል የሚሰጥ መልስ ከደንበኛው ቃል ጋር ሊጋጭ ይችላል። ውሳኔ ከተሰጠ በኋላ ለይግባኝ ያለው ጊዜ 30 ቀናት ብቻ በመሆኑ፣ ማስረጃው መደራጀት ያለበት ሥራው በሚከናወንበት ወቅት ነው።