ስለ ልጅነት ትዝታ

ያለፈ ነገር ሳይጠሩት ወደ ልብ ሲመጣ «ትዝ አለኝ» ይባላል፤ ትዝታ የሚለውም ቃል ከዚህ የወጣ ነው። በአገራችን ሙዚቃ ካሉት ከአራቱ ቅኝቶች አንዱ በዚሁ ስም ይጠራል፤ የቀሩት ሦስቱ ባቲ፥ አምባሰልና አንቺሆዬ ናቸው። ትዝታ ሲመጣ ደስታና ኀዘን ተያይዘው ይመጣሉ፤ ስለዚህም ሰዎች በዚህ ነገር አንድ አሳብ የላቸውም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1688 ዓመት፥ በስዊስ አገር በባዝል ከተማ ዮሐንስ ሆፈር የሚባል የሕክምና ተማሪ፥ ከአገሩ ርቆ አገሩን አብዝቶ የሚናፍቅ ሰው በሽተኛ ነው ብሎ ጻፈ፤ ለበሽታውም ስም አወጣለት። መድኃኒቱም ሰውየውን ወደ አገሩ መመለስ ነው አለ። በዛሬ ጊዜ ሐኪሞች ይህን ከበሽታ አይቈጥሩትም።

ንጉሥ ዳዊት በልጅነቱ በቤተ ልሔም የአባቱን በጎች ይጠብቅ ነበር። ጐልምሶ የጦር አለቃ ከሆነ በኋላ በዓዶላም ዋሻ ሳለ፥ ጠላቶቹ ፍልስጥኤማውያን ቤተ ልሔምን ይዘውበት ነበር። በዚያን ጊዜ በቤተ ልሔም በር አጠገብ ካለው ጕድጓድ ውኃ መጠጣት ናፈቀ። በዋሻው አጠገብ ውኃ ጠፍቶ አይመስልም፤ የናፈቀው በልጅነቱ የጠጣውን ውኃ ነው። ሦስት ኃያላን ሰዎች የጠላትን ሰፈር ጥሰው ገብተው ውኃውን ቀድተው አመጡለት። ዳዊት ግን አልጠጣውም፤ ሰዎቹ ሕይወታቸውን ለሞት አሳልፈው ያመጡት ነውና ለእግዚአብሔር አፈሰሰው።

በአገራችንም አለቃ ለማ ኃይሉ የሚባሉ ሊቅ በሸመገሉ ጊዜ፥ የልጅነታቸውንና የተማሪነታቸውን ነገር ለልጃቸው ለመንግሥቱ ለማ ተረኩለት። እርሱም «መጽሐፈ ትዝታ» በሚል ስም በ1959 ዓ.ም. አሳተመው። ጠያቂ ልጅ ባይኖራቸው ኖሮ ያ ሁሉ ነገር ከርሳቸው ጋራ በተቀበረ ነበር።

ፀዳ ከጐንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ፥ አዘዞን ካለፉ በኋላ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። በዙሪያዋ ያሉ ገበሬዎች ጤፍና ሽምብራ ይዘራሉ፤ ከብቱንም ልጆች ይጠብቃሉ። በዚያ አገር ሁለት ወንድማማች ነበሩ። አባታቸው በሞተ ጊዜ ታላቁ የዐሥራ ሦስት፥ ታናሹ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር። ከብቱን ሁልጊዜ የሚጠብቅ ሰው ያስፈልግ ነበርና፥ ታላቁ ደብተሩን ለታናሹ ሰጥቶ ከትምህርት ቤት ቀረ። ታናሹ በትምህርት ቀን ይማራል፤ ቅዳሜ ከወንድሙ ጋራ ከብት ይጠብቃል። እንዲህ ሆኖ አደገ፤ በጐንደር ከተማ ትምህርቱን ጨርሶ በአዲስ አበባ በአንድ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ያዥ ሆነ።

በአዲስ አበባ ሰዎች ስለ ልጅነቱ ሲጠይቁት፥ እረኛ መሆኑን ያፍርበት ነበርና ነገሩን ወደ ሌላ ይመልሰው ነበር። ሰው የሚደብቀውን ነገር ውሎ አድሮ ራሱም ያጣዋል። ስድስት ዓመት ወደ አገሩ ሳይመለስ ኖረ። ለእናቱ ገንዘብ ይልክ ነበር፤ ለወንድሙ ግን የሚለው ነገር አያገኝም፤ በስልክ ሲገናኙ ከሰላምታ የሚያልፍ ቃል በመካከላቸው አልነበረም። ደመወዙ ደኅና ነበር፥ በቤቱም የጐደለ አልነበረም፤ ዳሩ ግን በምንም ነገር ደስ የማይለው ሆነ። «ያደግሁበትን ቦታ ባየው ይሻለኝ ይሆናል» ብሎ በነሐሴ ወር መጀመሪያ ፈቃድ ተቀብሎ ወደ ፀዳ ሄደ።

በደረሰ ማግሥት ለማንም ሳይነግር ብቻውን ወደ መስኩ ወጣ። በልጅነቱ ተራራ መስሎት የነበረው ጕብታ በጥቂት እርምጃ የሚወጣ ሆኖ አገኘው። ከብቶቹ ይግጡበት በነበረው ሣር ላይ ቤቶች ተሠርተዋል። በድንጋይ ላይ ተቀምጦ ደስታው እስኪመጣ ድረስ ጠበቀ፤ አልመጣም። ጫማው በጥቍር ጭቃ ተሞልቶ ተመለሰ።

በደጅ የወንድሙ ልጅ የተተበተበ ጅራፍ ይዞ ቆሞ ነበር። ቡሄ ቀርቦ ነበርና። ቡሄ ጌታ በደብረ ታቦር ብርሃኑን ለደቀ መዛሙርቱ የገለጠበት በዓል ሲሆን ነሐሴ 13 ቀን ይውላል። በዋዜማው ችቦ ይበራል፤ እናቶች ሙልሙል ይጋግራሉ፤ ልጆች በየደጁ እየዞሩ ይጨፍራሉ። የጅራፉም ጩኸት በተራራው ላይ የተሰማው የአብ ድምፅ ምሳሌ ነው ይባላል። እረኞች ግን ይህን ሳያስቡ በፊትም ያጮኹታል፤ ማን አብልጦ እንደሚያጮኽ ለመወዳደር ብቻ።

ጅራፍ ከልጥ ወይም ከቃጫ ይገመዳል። በእጀታው በኩል ወፍራም ሆኖ ወደ ጫፉ እየቀጠነ ይሄዳል። ክንድ የሰጠው ኀይል ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ሲያልፍ ፍጥነቱ እየበዛ ይሄድና ጫፉ ከድምፅ ይልቅ ይፈጥናል። ድምፅ በአየር ውስጥ በአንድ ሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ይሄዳል። ጅራፍ የሚጮኸው ስለዚህ ነው እንጂ መሬት ስለ መታ አይደለም። አገማመዱ ካልተስተካከለ ኀይሉ በመንገድ ይቀራል፤ ቢወነጭፉትም አይጮኽም።

ልጁም «ጋሼ፥ ይሄ ጅራፍ እንቢ አለኝ፤ አባዬ ደግሞ አረም ላይ ነው» አለው።

«እኔ ረስቸዋለሁ» አለ ጐልማሳው። ይሁን እንጂ ጅራፉን ተቀብሎ ፈታው። ልቡ የረሳውን ጣቶቹ አልረሱትም ነበር። ቃጫውን በውኃ አርሶ፥ በሦስት ከፍሎ መግመድ ጀመረ። ነገር ግን ጅራፍ ጠብቆ እንዲገመድ አንዱ ሰው ሲያከርር ሌላው ጫፉን ወጥሮ መያዝ አለበት፤ የልጁም ጕልበት ለዚህ አልበቃም። ጫፉ ከእጁ እያመለጠ ሦስት ጊዜ ተበተነ።

በዚህ መካከል ታላቅ ወንድሙ እስከ ጕልበቱ በጭቃ ተለውሶ ከአረም ገባ። አይቶም ቆመ።

«ወንድምዓለም፥ ጫፉን ያዝልኝ» አለው ታናሹ።

ታላቁ ተቀምጦ ያዘለት። «እጅህ እንደ ሕፃን እጅ ለስልሷል» ብሎ ሳቀ። ፊት ለፊት ተቀምጠው ሲገምዱ ታናሹ፥ «በረዶ የጣለብን ቀን ትዝ ይልሃል? መስኩ ሁሉ ነጭ ሆኖ፥ እየለቀምሁ እበላ ነበር» አለ።

«አንተማ ትበላ ነበር፤ ደበሎየን ላንተ አልብሼ እኔ ራሴን እዳብስ ነበር» አለው ታላቁ።

ታናሹ እጁን ከሥራው አቆመ። የበረዶውን ንጣትና ቅዝቃዜ በአፉ ውስጥ እንኳ ያስታውሰው ነበር፤ በላዩ ላይ የተደረበውን ደበሎ ግን ከዚያች ቀን በኋላ አንድ ጊዜም አላሰበውም። ጥቂት ቆይቶ «ደብተሩንም አንተ ነህ የሰጠኸኝ» አለ።

«እኔስ ሒሳብ አይገባኝም ነበር፤ ለኔ ከብቱ ይሻለኝ ነበር» ብሎ መለሰለት ታላቁ፥ ዐይኑን ከቃጫው ሳያነሣ። እናታቸው በቤት ውስጥ ሆና ይህን ሰማች። ታላቁ ልጇ ከክፍሉ አንደኛ ይወጣ እንደ ነበር ታውቃለች፤ ነገር ግን ምንም አልተናገረችም። ታናሹም አንደኛ መውጣቱን ያውቅ ነበር። አልተከራከረውም፤ ክሩን እያከረረ አለቀሰ፥ ቀጥሎም ስለ በረዶው ሳቀ።

ሲመሽ ጅራፉ አለቀ። ልጁ አዙሮ ቢወነጭፈው እንዲህ ጮኸና ውሻው ከደጅ ተነሥቶ ሸሸ። «አሁን ለኔ!» አለ ታላቁ ወንድም፥ ጅራፉን ከልጁ እየነጠቀ፤ ታናሹም ተራ ጠበቀ።

በዓሉን አብረው ዋሉ። ከዚያ በኋላ በአዲስ አበባ ሰዎች ስለ ልጅነቱ ሲጠይቁት ስለ እረኝነቱና ስለ ወንድሙ ይነግራቸዋል። ሁለቱ ወንድማማች በስልክ ሲገናኙ ሰላምታው ቶሎ ያልቃል፥ ወሬው ግን አያልቅም። ስለዚያ በረዶ እንደ ገና ይከራከራሉ፤ ታላቁ «እንቍላል ያህል ነበር» ይላል፥ ታናሹም «ሽምብራ ያህል ነበር» ይላል።