ድምፁ ከየት መጣ? የቤት ውስጥ ሲኒማ ድምፅ ማጉያዎች አቀማመጥ

በሞጣ ጊዮርጊስ ወይም በቢቸና አቅራቢያ በሚገኘው ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ማኅሌት ዓይናችንን ጨፍነን ብንቆም፣ በቀኝና በግራ የተሰለፉት መዘምራን ዜማውን ሲቀባበሉ ተራው የማን እንደሆነ ወዲያው እንለያለን። ከጎን የመጣ ድምፅ ለቅርቡ ጆሮ ቀድሞ ይደርሳልና። ልዩነቱ ቢበዛ 0.7 ሚሊሰከንድ ያህል ነው፤ ለአንጎል ግን ይበቃዋል።

በትክክል ከኋላ የመጣ ድምፅ ግን፣ ከፊት እንደመጣው ሁሉ፣ ለሁለቱም ጆሮዎች እኩል ይደርሳል። ስለዚህ ባለ 5.1 ሲኒማ የገዛ ሰው ሁለቱን የዙሪያ ድምፅ ማጉያዎች ከጀርባው ግድግዳ መሀል አጠጋግቶ ቢሰቅላቸው፣ የከፈለበትን የዙሪያ ስሜት አያገኝም። ትክክለኛ ቦታቸው ከጎን ጥቂት ወደ ኋላ፣ ከቴሌቪዥኑ አቅጣጫ ሲለካ በግራና በቀኝ ከ100 እስከ 120 ዲግሪ ነው። በብዙዎቻችን ቤት ሶፋው ግድግዳ ላይ ስለሚለጠፍ ከጀርባው ቦታ አይተርፍም፤ እንግዲያው አስቀድሞ ሶፋውን ወደ ፊት መሳብ ያስፈልጋል።

ርቀታቸውም እኩል ይሁን። አንደኛው 1 ሜትር፣ ሌላው 3 ሜትር ቢርቅ፣ ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ የሩቁ ድምፅ 6 ሚሊሰከንድ ያህል ይዘገያል። ጆሮም ለቀደመው ያደላና ሁሉም ከቅርቡ የወጣ ይመስለዋል።

«ደጋ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ፍጥነቱ አይለወጥምን?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ግፊቱና እፍግታው አብረው ስለሚቀንሱ ከፍታው ብቻውን አይለውጠውም፤ የሚለውጠው ሙቀት ነው፤ በየ1 ዲግሪ ሴልሺየስ በሰከንድ 0.6 ሜትር ያህል። በቀትርና በሌሊት መካከል የ10 ዲግሪ ልዩነት ቢኖር ለውጡ 2 በመቶ አይሞላም፤ ድምፅ ማጉያውን ከተሰቀለበት አያስወርድም።