የበሶብላ ዘር

ከቤት ጀርባ ያለች ትንሽ ጓሮ ለቤተ ሰብ ትልቅ ረዳት ናት። ወጥ በጨውና በበርበሬ ብቻ አይጣፍጥም፤ መዓዛ የሚሰጠው ቅጠሉ፥ አበባውና ፍሬው ነው። ስለዚህ ብልኅ የቤት እመቤት በጓሮዋ ጤና አዳምን፥ ኮሰረትን፥ ድንብላልንና በሶብላን ታበቅላለች። የጤና አዳም ቅጠል በቡናና በአይብ ይገባል፤ ፍሬው ከበርበሬ ጋር ይፈጫል። ነገር ግን ጭማቂው በፀሐይ ጊዜ ቆዳን ያቈስላልና፥ የሚቈርጠው ሰው ቶሎ እጁን ይታጠብ። የኮሰረት ቅጠል ቅቤ ሲነጠር ይጨመራል። በሶብላም ከነአበባው ደርቆ በበርበሬና በሽሮ ይገባል።

እነዚህ ሁሉ በአንድ መንገድ አይራቡም። ጤና አዳምና ኮሰረት ብዙ ዓመት ይኖራሉ፤ ቅርንጫፋቸው ተቈርጦ በርጥብ አፈር ቢተከል ሥር ይሰዳል። በሶብላና ድንብላል ግን በአንድ ዓመት በቅለው፥ አብበውና አፍርተው ይደርቃሉ። ዘራቸውን ያላስቀረ ሰው ለሚመጣው ዓመት ምንም የለውም።

በሸዋ፥ በአንድ ወይና ደጋ መንደር፥ አንዲት አሮጊት ከልጅ ልጅዋ ጋር ትኖር ነበር። የአሮጊቲቱ በሶብላ በመንደሩ ሁሉ የታወቀ ነበረ። ዘሩን ከእናትዋ ተቀብላ በየዓመቱ ትዘራው ነበርና፥ አንድ ዓመት እንኳ አላቋረጠችም። ሰኔ ሲገባ መሬቱን ቈፍራ አፈሩን ታደቀዋለች፤ ፍግም ትጨምርበታለች። የበሶብላ ዘር ጥቁርና ደቃቅ ነው፤ በጥልቅ ቢቀበር አይወጣም። ስለዚህ በላዩ ጥቂት አፈር ብቻ ትነሰንስበታለች።

አንድ ዓመት በጥቅምት ወር አሮጊቲቱ እግርዋን ታማ ተኛች። የልጅ ልጅዋንም ጠርታ፥ «ልጄ፥ በሶብላው ደርሶአል። ቈርጠሽ በጥላ አድርቂው፤ በፀሐይ ቢደርቅ ሽታው ይጠፋል። ነገር ግን በአጥሩ ጥግ ያሉትን አራት እግር አትንኪ፤ እነርሱ ለዘር ናቸው» አለቻት። ልጅቱም፥ «እሺ፥ እምዬ» አለች።

ልጅቱ ቈርጣ ስትጨርስ ወደ አጥሩ ጥግ ተመለከተች። አራቱ እግር ከሁሉ ይልቅ ያበቡና ያማሩ ነበሩ። በማግሥቱም የገበያ ቀን ነበረ። ልጅቱ ቀይ ዶቃ ከተመኘች ብዙ ጊዜ ሆኖአት ነበርና፥ «ዘር ከየትም አይጠፋም» ብላ አራቱንም ቈረጠቻቸው። በገበያም ሸጠቻቸው፤ በዋጋቸው ጥቂት ዶቃ ገዝታ ከአያትዋ ሸሸገችው። ነገር ግን ዶቃውን አንድ ቀን እንኳ በአንገትዋ ልታስረው አልቻለችም።

ዓመቱ ዞረ፤ ሰኔ ገባ። አሮጊቲቱም ተሽሎአት መሬቱን ካዘጋጀች በኋላ፥ «ልጄ፥ ዘሩን አምጪልኝ» አለቻት። ልጅቱ ዝም አለች። ከዚያም ዶቃውን አውጥታ በአያትዋ እጅ ላይ አኖረችና፥ «እምዬ፥ ዘሩን የሸጥሁት ለዚህ ነው፤ ይማሩኝ» ብላ አለቀሰች።

አሮጊቲቱ ብዙ ጊዜ ዝም አለች፤ ያ ዘር የእናትዋ መታሰቢያ ነበረና። በኋላም፥ «ዶቃ ቢዘሩት አይበቅልም። ነገር ግን እውነቱን ስለ ተናገርሽ አልቈጣሽም። ከወንዙ ማዶ ወዳለችው ጎረቤታችን ሂጂና ዘር ለምኚ፤ ያደረግሽውንም ራስሽ ንገሪያት» አለቻት።

ልጅቱ እያፈረች ሄደች፤ ነገሩንም ሳትደብቅ ተናገረች። ሴቲቱም ሰምታ ወደ ጓዳዋ ገባች፤ ከአንዲት ቅል ውስጥም በጨርቅ የተቋጠረ ጥቁር ዘር አውጥታ ሰጠቻት። ልጅቱ፥ «እትዬ፥ ዋጋው ስንት ነው?» ብላ ጠየቀች። ሴቲቱም ፈገግ ብላ፥ «ይህ ዘር የአያትሽ ነው። ጓሮዬ ባዶ በነበረ ጊዜ እርሳቸው ሰጡኝ፤ ዋጋም አልጠየቁኝም። ዛሬ ወደ ቤቱ ይመለሳል» አለቻት።

በዚያ ክረምት ልጅቱ ራስዋ ዘራች፤ አረሙንም ራስዋ ነቀለች። ጥቅምት በሆነ ጊዜ በአጥሩ ጥግ አራት እግር ሳይሆን ስምንት እግር ለዘር አስቀረች። አራቱ ለጓሮዋ፥ አራቱም ዘር ለሚለምን ጎረቤት ነበሩ።

ሁሉን የሚቈርጥ ሰው ዛሬ ደስ ይለዋል፤ ነገ ግን ይለምናል። ለዘር የሚያስቀር ሰው ከዓመት እስከ ዓመት አይቸገርም። ለጎረቤት የተሰጠ ዘርም የጠፋ ይመስላል፤ ነገር ግን በመከራ ጊዜ የሚገኘው እርሱ ነው።

ጥያቄ።
1. ኮሰረት በምን ይራባል? በሶብላስ?
2. በሶብላን በጥላ ማድረቅ ስለ ምን ይሻላል?
3. ልጅቱ ዶቃውን በአንገትዋ ማሰር ያልቻለችው ስለ ምንድር ነው?
4. የጠፋው ዘር በማን እጅ ተገኘ? ወደዚያስ እንዴት ደረሰ?