የድረ ገጽ አድራሻና የግእዝ ፊደል

የደራ ወረዳ መቀመጫ በሆነችው በአንበሳሜ ከተማ አንድ ትምህርት ቤት ድረ ገጽ ከፈተ እንበል። መምህሩ የፈተና ውጤት በድረ ገጹ ያወጣና የገጹን አድራሻ በወረቀት ጽፎ በበሩ ላይ ይለጥፋል። ከሩቅ ቀበሌ በእግሩ የመጣ ተማሪ አድራሻውን በደብተሩ ይገለብጥና ኢንተርኔት ወዳለበት ይሄዳል። ከምልክቶቹ አንዱን ከሳተ ግን ገጹ አይከፈትለትም፤ የከፈለው ገንዘብና የሄደበት መንገድ በከንቱ ይቀራል። በዚህ ጽሑፋችን አጭርና ንጹሕ አድራሻ እንዴት እንደሚዘጋጅ፣ የራሳችን ፊደልም በዚህ ረገድ ምን ልዩ ጥያቄ እንደሚያስነሣ እናያለን።

እንደ ዎርድፕረስና ድሩፓል ያሉት የይዘት ማስተዳደሪያ ሥርዓቶች ጽሑፎችን የሚያስቀምጡት በዳታቤዝ ውስጥ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ጽሑፍ የራሱ ቁጥር አለው። በዎርድፕረስ ቀላሉ አሠራር የገጹ አድራሻ ከድረ ገጹ ስም ቀጥሎ የጥያቄ ምልክት፣ አንድ የላቲን ፊደል፣ የእኩል ምልክትና 123ን የመሰለ ቁጥር ይይዛል። ይህ ለኮምፒውተሩ በቂ ነው፤ ለሰው ግን ስለ ገጹ የሚነግረው ነገር የለም። ንጹሕ አድራሻ የምንለው በቁጥሩ ፋንታ ስም የገባበትን ነው።

በዚያ ስም የተሰየመ ፋይል ግን በአገልጋዩ ኮምፒውተር ላይ የለም። አፓቼ በተባለው የአገልጋይ ፕሮግራም ውስጥ ሞድ ሪራይት የሚባል ክፍል አለ። ጥያቄ ሲመጣ በተጠየቀው ስም የተቀመጠ ፋይል መኖሩን ይመረምራል፤ ከሌለ ጥያቄውን ለሥርዓቱ ዋና ፋይል ያስተላልፋል። ሥርዓቱም ስሙን ከዳታቤዙ ጋር አመሳክሮ ጽሑፉን ያወጣል። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ባለጉዳዩ ስሙን ሲነግረው የፋይሉን ቁጥር ራሱ ፈልጎ እንደሚያገኘው ማለት ነው። በዎርድፕረስ ይህ የሚስተካከለው ከማስተካከያው ክፍል ውስጥ ፐርማሊንክስ በሚለው ገጽ ነው፤ በድሩፓል ፓዝአውቶ የተባለው ተጨማሪ ክፍል አድራሻውን ከርዕሱ ያዘጋጃል። የመጀመሪያው ገጽ ተከፍቶ ሌሎቹ ሁሉ 404 የሚል መልስ ከሰጡ፣ ብዙውን ጊዜ ሞድ ሪራይት አልተፈቀደም ማለት ነው።

እስከዚህ ያለው በየትኛውም አገር ያው ነው። የኛው ጉዳይ የሚጀምረው ርዕሱ በአማርኛ ሲጻፍ ነው። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገብቷል። ይሁን እንጂ የድረ ገጽ አድራሻ በመሠረቱ የሚቀበለው የላቲን ፊደላትን፣ አኃዞችንና ጥቂት ምልክቶችን ብቻ ነው። ሌላው ፊደል ወደ ባይት ተለውጦ፣ እያንዳንዱ ባይት በመቶኛ ምልክትና በሁለት ሆሄያት መጻፍ አለበት። አንድ የግእዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ 3 ባይት ስለሚወስድ በአድራሻው ውስጥ 9 ምልክት ይሆናል። «አንበሳሜ» 5 ፊደል ናት፤ በአድራሻ ግን 45 ምልክት ትሆናለች። ብራውዘሩ ፊደሉን አሳምሮ ቢያሳየንም፣ አድራሻውን ገልብጠን በመልእክት ስንልከው ብዙ ጊዜ ይህ ረጅም የመቶኛ ምልክት ሰልፍ ይወጣል።

ጉዳቱ በርዝመቱ ብቻ አያበቃም። ዎርድፕረስ ለአንድ ጽሑፍ አድራሻ የመደበው ቦታ 200 ምልክት ነው፤ ይህም 22 የግእዝ ፊደል ብቻ ይይዛል። መምህሩ «የአንበሳሜ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች የፈተና ውጤት» የሚል ርዕስ ቢሰጥ፣ ሥርዓቱ አድራሻውን «ተማሪዎች» ከሚለው ቃል የመጀመሪያ ፊደል ላይ ይቆርጠዋል። በማግስቱ «የአንበሳሜ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች የምዝገባ ማስታወቂያ» ቢያወጣ ያው አድራሻ ይደገማል፤ ሥርዓቱም መጨረሻው ላይ 2 ቁጥርን ጨምሮ ይለየዋል። ውጤቱንና ምዝገባውን የሚለይ አንድም ቃል በአድራሻው ውስጥ አልቀረም!

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ርዕሱ እንደ ረዘመ ይቆይ፣ አድራሻውን ግን ከማተማችን በፊት በእጃችን እናሳጥረው። «ፈተና-ውጤት» ብንል 55 ምልክት ብቻ ይሆናል። በወረቀት ተለጥፎ በእጅ ለሚገለበጥ አድራሻ እኛ የምንመርጠው በላቲን ፊደል የተጻፈ አጭር ስም ነው፤ የግእዝ መክተቢያ በየኮምፒውተሩ አይገኝምና። እዚህም ላይ ጥንቃቄ ያሻል። የአንበሳሜን ስም በላቲን አንዱ በአንድ «ኤስ»፣ ሌላው በሁለት ይጽፈዋል፤ አንዱን መርጦ በዚያው መጽናት ይገባል። በራሳችንም ፊደል «ፀሐይ» እና «ጸሐይ» ለአንባቢ አንድ ሲሆኑ ለኮምፒውተሩ ሁለት የተለያዩ አድራሻዎች ናቸው። በግእዝ ፊደል አድራሻ የሚጠቀመው የአማርኛ ውክፔዲያ ለእንዲህ ያለው ችግር መምሪያ ገጽ ይጠቀማል፤ በአንዱ አጻጻፍ የመጣውን አንባቢ ወደ ሌላው ያሻግረዋል።

የታተመ አድራሻ እንደማይለወጥ የድረ ገጽ ፈጣሪ የሆነው ቲም በርነርስ ሊ እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተመው ጽሑፍ አሳስቧል። መለወጡ ግድ ከሆነ አገልጋዩ አሮጌውን አድራሻ ለጠየቀ ሁሉ 301 የሚለውን ምላሽ፣ ማለትም «ለዘለቄታው ተዛውሯል» የሚለውን፣ ከአዲሱ አድራሻ ጋር እንዲሰጥ ማድረግ ነው። ዎርድፕረስ የተራ ጽሑፍ ስም ሲለወጥ አሮጌውን መዝግቦ ይህን በራሱ ይሠራል። «ስለ እኛ» ለመሳሰሉት ቋሚ ገጾች ግን አይሠራም፤ ባለቤቱ ራሱ ማስገባት ይኖርበታል። በትምህርት ቤቱ በር ላይ የተለጠፈው ወረቀትና በተማሪው ደብተር ላይ ያለው ጽሑፍ እንደ አሮጌው አድራሻ ይቆያሉ።